ከወፍጮው ጓሮ የተደበቀው ድንጋይ

አንድ ባለወፍጮ ነበር። ወፍጮው በወንዝ ውሃ የሚዞር ሲሆን ከተማው ሁሉ እህሉን የሚያስፈጨው እሱ ዘንድ ነው። የወፍጮ ድንጋይ ደግሞ በሥራ ብዛት ይለሰልሳል፤ በየጊዜው በመዶሻና በመሮ ካልተወቀረ እህሉን ይጨፈልቀዋል እንጂ አያደቀውም። ይህን የመውቀር ሥራ ሠላሳ ዓመት የሠሩት ሽማግሌ አንድ ቀን ሞቱ። በሕይወት ሳሉ "አስተምሩኝ" ያላቸው ሰው አልነበረም። ድንጋይ መቀጥቀጥ ምን ትምህርት ያሻዋል ተብሎ!

ባለወፍጮው ብዙ ከተንከራተተ በኋላ ከጎረቤት አገር ሐምዲ የሚባል ወቃሪ አስጠራ። በከተማው ሕግ ግን ከውጭ አገር ለሥራ የሚመጣ ሰው የሚገባው፣ ሥራው ልዩ ሙያ እንደሚጠይቅ ቀጣሪው ሲያረጋግጥ ብቻ ነው። ለዚህም የተሰጠው ሰባት ቀን ነው። እስከዚያ ሐምዲ በከተማው በር አጠገብ ባለው የእንግዳ ማረፊያ ይጠብቃል፤ ማረጋገጫው ካልተገኘ በመጣበት መንገድ ይመለሳል። አዝመራው ደግሞ ደርሷል።

በመጀመሪያው ቀን ባለወፍጮው ወደ በሩ ሹም ሄደ። ሹሟ ቁጥብ ሴት ናት።

"ሰውየው ምን ይሠራል?" አለችው።

"ድንጋይ ይወቅራል።"

"በምን?"

"በመዶሻ ነዋ።"

"መዶሻ የሚይዝ ሰው በከተማችን ሞልቷል" ብላ መለሰችው።

ባለወፍጮው ተናደደ። እጁ የተመሰከረለት ጸሐፊ ፈልጎ ስለ ሥራው አራት ገጽ አስጻፈ። ተራው ወቃሪ በአንድ ጀምበር "ሊቀ ጠበብት ዘአብያተ ወፍጮ" ሆነ። ለመሾም ያህል ካባ ብቻ ነበር የቀረው። ሹሟ አራቱንም ገጽ ሳትቸኩል አነበበች።

"ስሙን አይቼዋለሁ፤ ሥራውን ግን አላገኘሁትም" አለች። "እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው ጌታው። ይህን ሥራ ሌላ ሰው ቢሠራው ምን ይበላሻል?"

ባለወፍጮው ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ። መልሱን ግን ያውቀዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሽማግሌው እንደሞቱ "ይሄማ የማንም ሥራ ነው" ብሎ መዶሻውን ያነሳው እሱ ራሱ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲቀጠቅጥ ዋለ። በማግስቱ ከወፍጮው የወጣው ዱቄት አሸዋ አሸዋ ይል ጀመር። ገበሬዎቹ ሲያማርሩ "አውድማችሁን አጽዱ! አሸዋውን ይዛችሁ የምትመጡት እናንተ ናችሁ" አላቸው። ምስኪኖቹም አፍረው አውድማቸውን በእበት እንደገና ለቀለቁ። ጥርሳቸው የተሰበረ አንዲት ባልቴትማ ይቅርታ ጠይቀውታል። እሱ ግን ያበላሸውን ድንጋይ ከወፍጮው ጓሮ በጭድ ሸፍኖ፣ የቀረውን አሮጌ ድንጋይ እንደነገሩ እየነካካ ይፈጭበታል።

በስድስተኛው ቀን ባለወፍጮው ተስፋ ቆርጦ ሐምዲን ሊሰናበተው ሄደ። ሐምዲ ምሳውን እየበላ ነበር። ዳቦውን ቆርሶ በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገውና፦

"ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የዚህን ከተማ ድንጋይ የወቀረው ማነው?" አለ። "ዳሩን ከመሃሉ አስበልጦ አጎድጉዶታል። ድንጋዩ እየተፈረፈረ እህሉ ውስጥ የሚገባው ለዚህ ነው።"

ባለወፍጮው ከዳቦ ቁራሽ ላይ ነውሩ ተነቦበት ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ሰባተኛው ቀን የገበያ ቀን ነበር። የከተማው በር እህል በጫኑ ገበሬዎች ተጨናንቋል። ባለወፍጮው ያን የደበቀውን ድንጋይ በበሬ እያስጎተተ መጣና ሹሟ ፊት አስቆመው።

"እመቤቴ፣ ሌላ ሰው ቢሠራው የሚሆነው ይኸው ነው" አለ። ከዚያ ወደ ገበሬዎቹ ዞረ። "የሠራሁት እኔ ነኝ። አሸዋው ከአውድማችሁ አልነበረም። ዋሽቻችኋለሁ።"

ጥርሳቸው የተሰበረው ባልቴት ቀድመው ተናገሩ።

"አንተ የማታፍር! ሦስት ጊዜ ነው እኮ የለቀለቅሁት!"

ባለወፍጮው አንገቱን ደፋ። ሹሟ ድንጋዩን በመዳፏ ከመሃል እስከ ዳር ዳበሰችው። ከዚያ ወረቀቷን አውጥታ አንድ መስመር ጻፈች፦ "ሥራው ሙያ ይጠይቃል። ማስረጃ፦ ባለቤቱ ሞክሮ አልቻለም።"

ሐምዲ ገባ። ወፍጮ ቤቱ ደርሶ መሮውን ሲያወጣ ባለወፍጮው አጠገቡ ቁጭ ብሎ፣ ለሽማግሌው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያልተናገረውን ቃል ተናገረ።

"አስተምረኝ።"

ወዳጆቼ፣ የሰውን ሙያ ያከበርን የሚመስለን ትልቅ ስም ስንሰጠው ነው። አራት ገጽ ውዳሴ ግን አንዲት "እኔ አልችለውም" የምትል ቃልን አይተካም። ያቺን ቃል ለማውጣት ባለወፍጮው ስድስት ቀን ፈጀበት፤ እኛ ዕድሜያችንን የምንፈጅ አለን።

እስቲ እናንተም አስቡት። በቤታችሁም ሆነ በመሥሪያ ቤታችሁ "የማንም ሥራ" የምትሉት የትኛው ነው? ሞክራችሁትስ ስታበላሹት አሸዋውን በማን አውድማ አመካኛችሁ?