ልብስ ሰፊው የደበቀው እጅ

በደሴ ከተማ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት የሙሽራ ልብስ የሰፋ፣ እጁ የተመሰከረለት ሰው።

አንድ የመስከረም ጠዋት የቀኝ እጁ አውራ ጣት ብቻዋን መንቀጥቀጥ ጀመረች። «ብርድ ነው» አለ። በማግስቱም «ብርድ ነው» አለ። ግንቦት ገባ፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እሱ አሁንም «ብርድ ነው» ይላል። ወገኖቼ፣ ሰው ለራሱ ሲዋሽ ምስክር አይፈልግም!

ለሚስቱ ለወይዘሮ አስካለ ትንፍሽ አላለም። ስትመጣ እጁን ኪሱ ይከታል። ታላቅ ወንድሙ እንዲሁ እየተንቀጠቀጠ ነበር የሞተው፤ መንደሩም «እርግማን ነው» ብሎ ነበር። ይህን ሲያስብ እህል አልወርድ አለው።

በመጨረሻ ተደብቆ ሐኪም ዘንድ ሄደ።

«ጋሼ፣» አለችው ሐኪሟ፣ «በአንጎላችን ውስጥ ያለ አንድ ፕሮቲን ቅርጹን ይስትና እርስ በርሱ ይጣበቃል። የተጣበቀው ደግሞ ጤነኛውን እየሳበ ያበላሻል። እጅ ከመንቀጥቀጡ ከብዙ ዓመት በፊት ይጀምራል። ከወገብዎ ፈሳሽ ቀድተን ውጭ አገር እንልካለን፤ የተበላሸው ፕሮቲን ካለ በምርመራው ይታያል።»

ተቀዳ። ተላከ። አምስት ሳምንት ይጠብቁ ተባለ።

አምስት ሳምንት! እንዲህ ያለ ነገር ጠብቃችሁ ታውቃላችሁ? ስልክ ሲጮህ አያነሳም። «መንገድ ላይ በጠፋ!» እያለ የውጤቱን መጥፋት ተመኘ።

ግን ውጤቱ መጣ። ሰውዬው ሐኪሟ ፊት ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠና «ልጄ፣ አትንገሪኝ» አላት።

ሐኪሟ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ባልነግርዎትም እኮ በሽታው አለ፣ ጋሼ።»

ሰውዬው ወረቀቱን በጣቱ ጫፍ ገፋው።

«መድኃኒቱ በሽታውን አያጠፋውም፤» አለች ሐኪሟ፣ «መንቀጥቀጡን ግን ያቀልልዎታል። ብቻዎን አይችሉትም። ቤት ማን አለ?»

ቤት ገባ። እጁን ከኪሱ አወጣ። «አስካለ፣ እጄ…» አለ፤ ከዚያ በላይ አልወጣውም።

«ከጥቅምት ጀምሮ አውቃለሁ» አለችው። «ለጸሎት ስትወጣ ጠማማውን ስፌት ፈትቶ የሚሰፋው ማን መሰለህ? እስክትነግረኝ ስጠብቅ እኔም ከሳሁ እኮ!»

ሁለቱም አለቀሱ።

ተመልከቱ! በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ሰዎች አንዱን ፍርሃት ለየብቻ ሲፈሩ ከረሙ። ሰውዬው ዳነ ብዬ አልዋሻችሁም። አልዳነም። የሸሚዙን ቁልፍ ሚስቱ ናት የምትቆልፍለት። ግን እህል ይበላል፤ ስልክም ያነሳል።

እናንተስ? ከእግዚአብሔር የተሰወረ እንደሌለ ታምናላችሁ። ታዲያ እሱ የሚያየውን ከምትወዷቸው ለምን ትሰውራላችሁ? «እንዳይጨነቁ» ብላችሁ? ተጨንቀዋል እኮ!

ዛሬ በር የሚከፍትላችሁን ሰው ፊቱን እዩት። የሰወራችሁትን እስክትነግሩት ምን ያህል እንደጠበቀ ጠይቁት። ከዚያ ተቀመጡና ንገሩት።