የእንድሪስ ምርኩዝ

እኛ ሰፈር እንግዳ የሆነ ሰው መጀመሪያ ሲሰማው የሚደነግጥበት አንድ አባባል አለ። አጥር ታጥሮ ሲያልቅ፣ ሱቅ ሲከፈት፣ ሰው መኪና ገዝቶ ሲመጣ፣ ብቻ ሽማግሌ እጁን ለምርቃት ሊዘረጋ ሲል አንዱ ከኋላ ጣል ያደርገዋል። ባለፈው ሊጠይቀኝ የመጣ የወንድሜ ልጅ ሰማና፣ “እናንተ አገር ሽማግሌ የሚመርቀው ደብድቦ ነው እንዴ?” አለኝ።

አይደለም። ታሪክ አለው። ታሪኩን ከእኔ በላይ የሚያውቀው ሰው ያለ አይመስለኝም፣ የገዛ እስክሪብቶዬ አለችበት። እስካሁን ደፍሬ ያላወራሁት ደክሞኝም አፍሬም ነው።

የምንኖረው ወሎ ውስጥ፣ በአንዲት ከተማ ጫፍ በተሠራ ኮንዶሚኒየም ነው። እኔ የብሎካችን ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ጸሐፊ ማለት ውሃ ሲጠፋ የሚፈለግ፣ ውሃ ሲመጣ የሚረሳ ሰው ነው። ከበሬ ፊት ለፊት፣ ምድር ላይ፣ ትርንጎና ባሏ እንድሪስ ይኖራሉ። ትርንጎ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠራተኛ ናት። እንድሪስ ሠላሳ ዓመት የጅቡቲን መንገድ በተሳቢ የተመላለሰ ሾፌር ነበር። ደም ግፊት ጥሎት ግራ ጎኑን ከያዘው ወዲህ ግን የሚንቀሳቀሰው በምርኩዝ ነው።

የቤታቸው ወለል ሊሾ ነበር፣ እሱም ተቦርቡሮ ያለቀ። የምርኩዙ ጫፍ ጉድጓድ ውስጥ እየገባ ሁለት ጊዜ ጣለው። ከዚያ በኋላ ትርንጎ ደግፋ ካላደረሰችው ሽንት ቤት አይሄድም ነበር። እሷ ሥራ ስትውል ደግሞ እስክትመጣ ይዞ ይጠብቃል። ያን የሚያህል መኪና በገደል አፋፍ ያሳለፈ ሰው! አንድ ቀን ለእኔ፣ “ወንድሜ፣ ከእንግዲህ አገር ልዙር አልልም። ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ሽንት ቤት ልሂድ፣ ሌላ ምንም አልፈልግ” አለኝ።

ትርንጎ ሁለት ዓመት ዕቁብ ጠብቃ ወለሉን ሴራሚክ ልታስነጥፍ ቆረጠች። አቶ ደምሰው የሚባል ባለሱቅ፣ “እትዬ፣ እኔ የምሸጠው ከነማንጠፊያው ነው። ባለሙያውም የእኔ፣ ሲሚንቶውም የእኔ። እርስዎ ቁልፉን ብቻ ይስጡኝ” አላት። ቁልፉን ሰጠችው። ስድስት ቀን ይፈጃል የተባለው ሥራ በሁለት ቀን ተኩል አለቀ። ብሎኩ በሙሉ እየመጣ አየ፣ ተደነቀ። ወለሉ እውነትም ፊት ያሳይ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ትርንጎ ምሳ አዘጋጀች። ወሎዬ ናት። በቤቷ ላቡን ያፈሰሰ ሰው ሳይበላ ከወጣ ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ አይወስዳትም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ትሪ ላይ እንድንቀርብ ብላ ምስር ወጥና ጎመን በአይብ ሠራች። ሴራሚክ አንጣፊው መጣ፣ አቶ ደምሰው መጣ፣ እኔ ተጠራሁ። ለምርቃቱም የሰፈሩ ሽማግሌ አባ ይመር ተጠሩ።

በልተን ልንጨርስ ስንል እንድሪስ ከተቀመጠበት አልጋ ጫፍ ምርኩዙን ዘርግቶ ወለሉን መታ። ጠቅ አለ። ትንሽ ራቅ አድርጎ መታ። ዶም አለ። ደገመና ጆሮውን አዘነበለ።

“ትርንጎ፣” አላት፣ “ይሄ ሥሩ ባዶ ነው።”

“ዝም በል እንጂ አንተ!” ትርንጎ ከንፈሯን ነከሰች። “ሰዎቹ ገና እጃቸውን አልታጠቡም።”

“ጎማ እያንኳኳሁ ነው ያረጀሁት። ነፋስ ያለውንና የሌለውን አጥቼው ነው?”

አንጣፊው ትሪው ላይ አቀረቀረ። አቶ ደምሰው ሳቀና፣ “ጋሽ እንድሪስ፣ አዲስ ሴራሚክ እንዲህ ነው። ሲደርቅ ይስተካከላል” አለው።

እኔ ሰምቻለሁ። ዶም ሲል በደንብ ሰምቻለሁ። ግን አፌ ጎመን ሞልቶት ነበር። ደግሞስ የሰው እንጀራ አብሮ እየበሉ፣ “ሥራህ ብልሹ ነው” ይባላል? ይሉኝታ የሚሉት በሽታ እንዲህ ነው፣ ምግብ ሲቀርብለት ይብሳል።

አባ ይመር እጃቸውን ዘረጉ። “ቤቱን የሰላም ያርገው። ወለሉን የጸና ያርገው። የሚረግጠውን አያንሸራት። የሠራውን እጅ አያድክም።” ግማሹ አሚን፣ ግማሹ አሜን አለ። የአሚኑ ድምፅ ሳይበርድ አቶ ደምሰው ከኪሱ አንድ ወረቀት አወጣ። “ሥራውን አይቼና ወድጄ ተረክቤአለሁ” ይላል።

ትርንጎ ወደ እኔ ዞራ፣ “ጸሐፊው፣ ልፈርም?” አለችኝ።

መልሴ እስክሪብቶዬን ማቀበል ሆነ። እሷ ፈረመች፣ እኔም ከሥር ምስክር ሆኜ ፈረምኩ።

እንድሪስ አሥራ አንድ ቀን ደስ ብሎት ኖረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ሽንት ቤት ደርሶ የተመለሰ ዕለት በሬን በምርኩዙ አንኳክቶ፣ “ሄጄ መጣሁ” አለኝ፣ ከሩቅ አገር እንደተመለሰ ሰው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ ሽንት ቤቱ በር ሊደርስ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ሴራሚኩ ከምርኩዙ ሥር ተሰብሮ ገባ። እንድሪስ በደረቱ ወደቀ። አጥንቱ አልተሰበረም፣ የእጁ አንጓ ብቻ ነው ወለም ያለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ምርኩዙን ግድግዳ አስደግፎ ተወው። ትርንጎ፣ “እኔ እይዝሃለሁ፣ ተነስ” ብትለው፣ “መሬቱን አላምነውም” ይላል። አልጋው ላይ ሆኖ በዕቃ መጠቀም ጀመረ። ትርንጎ ይህን ስትነግረኝ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ድካም ነው። አቶ ደምሰው መጀመሪያ፣ “ነገ ሰው እልካለሁ” አለ። ነገ አለቀ። ቀጥሎ፣ “ችግሩ የፋብሪካው ነው” አለ። ቀጥሎ፣ “እኔ ዕቃ ሻጭ ነኝ፣ አንጣፊው ራሱን የቻለ ሰው ነው” አለ። በመጨረሻ ስልኩ ዝም አለ። ትርንጎ ስትቆም የዋለችበትን እግር እየጎተተች በየማታው ሱቁ ደጃፍ ትሄዳለች። እኔ ደብዳቤ እጽፋለሁ። የመጀመሪያው “በትሕትና” ይላል፣ አምስተኛው “በጥብቅ” ይላል፣ ሁሉም አንድ መሳቢያ ውስጥ ተኝተዋል። በዚህ መሐል ሌሎች ስድስት ሴራሚኮች ተነቃነቁ። ሰውም “ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ” እያለ ይተርትብናል። ተረት የሚያውቅ ጎረቤት ሞልቷል፣ አብሮ የሚመላለስ ግን ጠፋ።

በመጨረሻ የሸማቾችን አቤቱታ የሚሰማው ቢሮ ዘንድ ሄድን። ሐያት የምትባል ወጣት ባለሙያ፣ ፊቷ ፋይል ተቆልሎ፣ ሳታቋርጠን ሰማችን። በቀጠሮው ቀን አቶ ደምሰው ወረቀቱን ይዞ ቀረበ።

“ፊርማዋ ይኸው። ‘አይቼና ወድጄ’ ይላል። ደግሞ አባ ይመር ራሳቸው መርቀዋል፣ እዚሁ ስላሉ ይጠየቁ። በእኛ አገር ሽማግሌ የመረቀውን ማን ያፈርሳል?”

ሐያት ወረቀቱን ገልብጣ አየችው። “ይሄ ምስክር ማነው?”

“እኔ ነኝ” አልኩ።

“ወለሉን አይተውታል?”

“አይቼዋለሁ። ያምር ነበር።”

ያልኩትን ጻፈችው። በሕይወቴ ብዙ ቃለ ጉባኤ ይዣለሁ፣ የራሴን ቃል ሲጻፍ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ጊዜ የለም።

አባ ይመር ሰማንያ ዓመታቸውን ተሸክመው ተነሱ። “ልጄ፣ መርቄአለሁ፣ አልክድም። ምርቃት አላህን መለመን ነው፣ የመሐንዲስ ወረቀት አይደለም። ግን ጥፋት አለብኝ። ያ በሽተኛ አንኳኩቶ ‘ሥሩ ባዶ ነው’ ሲል ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ደህና ነው። ሰው ፊት ሰው እንዳይቀልብኝ ብዬ ፈጥኜ እጄን ዘረጋሁ። የተሸፈነው በእኔ እጅ ነው።” ተቀመጡና ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡት።

ሐያት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። “አቶ ደምሰው፣ ፊርማ ዓይን ያየውን ነው የሚረከበው፣ ከሥር የተደበቀውን አይረከብም። ከነማንጠፊያው ብለው ከሸጡ ደግሞ አንጣፊው የእርስዎ ሰው ነው፣ ጥፋቱም የእርስዎ። ነገ ቤቱ ድረስ መጥቼ አያለሁ።”

መጣች። የተሰበረውን ሴራሚክ ስናነሳው ከሥሩ በአራቱ ማዕዘንና በመሐሉ አንዳንድ እፍኝ የሲሚንቶ ልውስ ብቻ ጠብ ተደርጎበታል፣ የቀረው አየር ነው። ሐያት በቤቷ ቁልፍ እያንኳኳች ዶም ባለው ሁሉ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገች። ከግማሽ በላይ ሆነ። አቶ ደምሰው አንጣፊውን፣ “ምን አድርገህብኝ ነው?” ብሎ ጮኸበት። አንጣፊው፣ “በሁለት ቀን ጨርስ አሉኝ እኮ ጌታዬ። በሁለት ቀን የሚያልቀው እንዲህ ነው” አለ። የእውነቱን ተናገረ። ሁሉም ተነስቶ በሻጩ ወጪ፣ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንደ አዲስ እንዲነጠፍ ተወሰነ።

አሥራ አምስቱ ቀን ስድስት ሳምንት ሆነ። ያን ጊዜ ሁሉ እንድሪስ እኔ ቤት ተኛ። ብዙ አንነጋገርም ነበር። አንድ ቀን ጣሪያውን እያየ፣ “ጸሐፊው፣ ያን ዕለት ዶም ሲል ሰምተሃል አይደል?” አለኝ።

“ሰምቻለሁ።”

“እኔም ሰምቷል ብዬ ነበር” አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ወለሉ አልቆ የተሰበሰብን ዕለት ትርንጎ እንደገና ምሳ ሠራች። ምን ታድርግ፣ አመል ነው። ጎመኑ ላይ ግን አይብ አልነበረም። አቶ ደምሰው አዲስ የመረከቢያ ወረቀት ይዞ ተቀመጠ። አንጣፊውም መጣ። እንድሪስን ከእኔ ቤት ደግፈን አምጥተን አልጋው ላይ አስቀመጥነው። አባ ይመር ወደ ትሪው ከመቅረባቸው በፊት ግድግዳው ጥግ ሄደው ምርኩዙን አነሱ፣ አቧራውን በጋቢያቸው ጠረጉና ለእንድሪስ ሰጡት።

“የምታውቀው አንተ ነህ” አሉት።

እንድሪስ ምርኩዙን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ብዙ አየው። ትርንጎ ልትይዘው ስትነሳ አባ ይመር በእጃቸው መለሷት። በመጀመሪያው አልሆነም። በሁለተኛውም ተመልሶ ተቀመጠ። በሦስተኛው ቆመ። ጠቅ። አንድ እርምጃ። ጠቅ። አንዱንም ሳይዘል፣ ማዕዘኑንና መሐሉን እያንኳኳ ሄደ። አንዱ ጋ ቆሞ ሦስት ጊዜ ሲደጋግም አንጣፊው ምራቁን ዋጠ። አለፈው። ትርንጎ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። ወጡ መትነኑን አቁሟል፣ እኛም እጃችንን ታጥበን እንደተቀመጥን ደርቆብናል።

ሽንት ቤቱ በር ሊደርስ ሁለት እርምጃ ሲቀረው፣ ያኔ የወደቀባት ቦታ ላይ፣ እንድሪስ ቆመ። ምርኩዙን አነሳ እንጂ አላሳረፈም። ይሄኔ አቶ ደምሰው ወረቀቱን እያገላበጠ፣ “አባ ይመር፣ ምግቡ እኮ ቀዘቀዘ። እሱ ሲያንኳኳ እርስዎ ቢመርቁን ምን አለበት?” አለ።

አባ ይመር እጃቸውን ከጋቢው ሥር ሳያወጡ፣ ዓይናቸውንም ከዚያች ከተንጠለጠለች ምርኩዝ ሳይነቅሉ፣ “ይቀዝቅዝ ልጄ፣ ከምርቃት ምርኩዝ ይቅደም” አሉት።