ሚዳቋ የመረጠችው አጃቢ

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት በሉኝና በሩን ልክፈትላችሁ።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ ለዱሩ ንጉሥ ለአያ አንበሶ ከወንዝ ማዶ ካለው ንጉሥ «ብቅ ብለህ ጎብኘን» የሚል ጥሪ መጣለት። አያ አንበሶ ደግሞ መከበር ነፍሱ ነው። ወዲያው እመት ሚዳቋን አስጠራና፣ «አንቺና ግልገልሽ አብራችሁኝ ትሄዳላችሁ፤ መንገዱ ረጅም ነው» አላት፤ ምራቁንም ዋጥ አደረገ።

ሚዳቋ ክው አለች፤ ግን ብልህ ናትና ፈገግ ብላ እጅ ነሳች።

«ጌታዬ፣ ይኼ ክብር ለእኔ ይበዛብኛል። የሰው አገር ንጉሥን የሚመዝነው በአጃቢው ነው። እኛን አስከትለው ቢታዩ ‹ንጉሥ ነው እረኛ?› ብለው ይስቁብዎታል። ነብሩን፣ ጅቡን፣ ቀበሮውን፣ ጥርስ ያለውን ሁሉ ያሰልፉ እንጂ፤ ማዶው ይንቀጥቀጥ!»

አያ አንበሶ ይኼን ሲሰማ ጎፈሩ ቆመ። ጥርሳም ጥርሳሙን ሁሉ አስከትሎ ተነሣ። በሽኝቱ ቀን ድኩላው፣ አጋዘኑ፣ ጥንቸሉ መንገዱን ሞልቶ እልልታውን አቀለጠው።

አያ አንበሶ ወንዙ መሐል ሲደርስ ዞር አለና ዕንባው መጣ፤ «እንዲህ የሚወደኝን ሕዝብ ጥዬ እንዴት እሄዳለሁ?» አለ።

እልልታው ቀጥ አለ።

«ይሂዱ ጌታዬ!» ብላ ጮኸች ሚዳቋ፤ «ናፍቆቱን እንደምንም እንችለዋለን!»

ሄደ።

በዚያው ቀትር ግልገሏ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ወደ ወንዙ ወርዶ እስኪጠግብ ጠጣ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «እማዬ፣ ከማዶ ስንት አገር አለ?» ሲል ጠየቃት።

«ብዙ ነው ልጄ» አለች ሚዳቋ፤ «እግዜር ያብዛልን።»