ሦስት መቶ ሊትር

በአንድ ወቅት፣ ሩቅ ሳይሆን ባለፈው ሰኔ፣ እታፈራሁ የምትባል የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ትንፋሽ አጠራት። የትንሿ ከተማ ጤና ጣቢያ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላካት። ታላቅ ወንድሟ ልሣነወርቅ፣ እህቷ ትርንጎና ታናሽ ወንድሟ ደርሶ አልጋዋን ከበው ቆመዋል። አምቡላንሱ በር ላይ ነው። ውስጡ አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር አለ። ሌላ የለም።

ሲሊንደሩ ሙሉ አልነበረም።

ነርሷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረቻቸው። የቀረው ሦስት መቶ ሊትር ነው። በደቂቃ አምስት ሊትር ስታገኝ ትረጋጋለች። ወደ ሦስት ቢቀነስ ትችለዋለች፣ ግን ትጨነቃለች። ከሦስት በታች አይሞከርም። የተሰጣት መድኃኒት እስኪይዝላት አምስት ላይ በቆየች ቁጥር ይሻላታል።

«መንገዱ ስንት ደቂቃ ነው?» አለ ልሣነወርቅ።

«ሰማንያ» አለ ሹፌሩ።

ሰማንያ ጊዜ አምስት፣ አራት መቶ። አይበቃም።

«ታዲያ ስንት ደቂቃ ላይ ልቀንሰው?» አለች ነርሷ። ሁሉም ሲሊንደሩን አዩ።

ልሣነወርቅ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። ሰው አንድ ሰዓት አልቅሶ የነገረውን በአራት መስመር ያስቀምጣል። እስክሪብቶውን አወጣ። አምስት ላይ የምትቆይበትን ደቂቃ «ሀ» አለው። ሦስት ላይ የምትቆየው ሰማንያ ሲቀነስ ሀ። በፖስታ ጀርባ ጻፈ፦ 5ሀ + 3(80 − ሀ) = 300።

«ይኸው ጭንቀታችሁ። አንድ መስመር ነው።»

«ፍታዋ እንግዲህ» አለችው ትርንጎ።

«እኔ እጽፋለሁ እንጂ አልፈርድም።»

ትርንጎ ቀን ልብስ ትሰፋለች፣ ሲመሽ ዘጠነኛ ክፍል ትማራለች። ፖስታውን ነጠቀችው። ሦስት ጊዜ ሰማንያ፣ ሁለት መቶ አርባ። ከአምስት ሀ ላይ ሦስት ሀ ሲነሣ ሁለት ሀ። ከሁለቱም ወገን ሁለት መቶ አርባ ቀነሰች። ሁለት ሀ ስድሳ፣ ሀ ሠላሳ። ሹፌሩ ቁልፉን ከኪሱ ሳያወጣ ጨረሰች።

«ሠላሳ ደቂቃ አምስት ላይ። ከዚያ ሦስት። በቃ፣ እንሂድ።»

ደርሶ የበሬ ደላላ ነው። አልጀብራ አያውቅም። ሌላ ሰው የቆጠረውን ከብት ሁሉ ደግሞ ስለሚቆጥር በቤቱ «እስቲ ይደገም» ይሉታል።

«እስቲ ሠላሳውን መንገዱ ላይ መልሱት» አለ።

«መልሼዋለሁ። መቶ ሃምሳና መቶ ሃምሳ፣ ሦስት መቶ።»

«ወረቀቱ ላይ አላልኩም።» ወደ ሹፌሩ ዞረ። «ወንድሜ፣ ሰማንያ ያልከው በየትኛው ቀን ነው?»

«በማንኛውም ቀን።»

«ዛሬ ቅዳሜ ነው። የከብት ገበያው አስፋልቱ ላይ ይፈስሳል። አምቡላንስ ጮኸ ብሎ መንገድ የሚለቅ በሬ እኔ አላየሁም።»

ሹፌሩ «ዐሥር ደቂቃ ይበላል» አለ።

ዘጠና። ልሣነወርቅ ሰማንያውን ሰረዘ። ትርንጎ እንደገና ፈታች። ሀ ዐሥራ አምስት።

ተነሡ።

በዐሥራ አምስተኛው ደቂቃ ነርሷ ቀነሰችው። የእታፈራሁ ጣቶች የአልጋውን ብረት ያዙ። ከዚያ በሬዎች። ጥሩምባ። የበሬ ጀርባ በመስኮቱ። ደርሶ ወርዶ በስማቸው እየጠራ አባረራቸው። መድኃኒቱ ቀስ ብሎ ያዘላት፣ ጣቶቿ ብረቱን ለቀቁ።

በዘጠናኛው ደቂቃ የሆስፒታሉ በር። የሲሊንደሩ ጠቋሚ ዜሮ ላይ ነበር። የግድግዳው ኦክስጅን ሲሰካ ሦስቱም ኮሪደሩ ወለል ላይ ተቀመጡ፤ ምክንያቱን ሳያውቁ ሳቁ።

በወሩ ሴት ልጅ ተወለደች። እታፈራሁም አለች፦ «ያተረፈኝ ስሟን ያውጣ። አንድ ሰው ብቻ።»

«እኔ ባልጽፈው ምን ትፈቱ ነበር?» አለ ልሣነወርቅ። «ጭንቀት አይፈታም፤ እኩልታ ነው የሚፈታው።»

«አንተ የጻፍከው ጥያቄ ነው» አለች ትርንጎ። «ነርሷ በጥያቄ የሲሊንደር ቁልፍ አታዞርም። ሁለቴም ቁጥሩን ያገኘሁት እኔ ነኝ።»

«በእናንተ ሠላሳ ብንሄድ ኖሮ» አለ ደርሶ፣ «የመጨረሻውን ዐሥር ደቂቃ ባዶ ብረት ታቅፈን ነበር።»

«አንተ ስም ካወጣህማ በበሬህ ስም ዳለቻ ልትላት ነው» አለችው ትርንጎ።

«ዳለቻ ምን ይወጣለታል? ሸጬው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።»

እታፈራሁ ሳቀች። ሳቋ ትንፋሽ ሳያጥረው እስከ መጨረሻው ሄደ።

የክትባት ካርዱ ላይ አሁንም «የእታፈራሁ ሕፃን» ይላል። የካርዱ ባለቤት ተኝታለች፤ አልቸኮለችም። እናንተ ግን ፍረዱ፦ ጭንቀቱን እኩልታ ያደረገው፣ እኩልታውን የፈታችው፣ ወይስ መልሱን ወደ መንገዱ የመለሰው፣ ስም ማውጣቱ የሚገባው ለማን ነው?