ደፍ የሆነው የድንበር ድንጋይ

ሰው በገዛ እጁ ሲረታ በአገራችን የምትጠቀስ አንዲት ምሳሌ አለች። ጠቃሾቿ ብዙ ናቸው፤ ያስከፈለችውን የሚያውቁ ግን ጥቂት።

አቶ ተክለ ወልድ፣ «ድንበር አልፎ አርሶብኛል» ብለው ጎረቤታቸውን አቶ ሽብሩን ከከሰሱ ስምንት ክረምት አልፏል። በዘጠነኛው ዓመት የወረዳው ፍርድ ቤት ጣሪያው አፈሰሰ፤ ግድግዳውም ተሰነጠቀ። ዳኛው፣ «ቤቱ ታድሶ እስኪያልቅ ችሎት አይቀመጥም» አሉ። ተክለ ወልድ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ መሬቱን ለልጃቸው ሳያስረክቡ መሞትን ይፈሩ ነበር። ስለዚህ በየማለዳው እየሄዱ እድሳቱን ይጎበኙ ጀመር።

በግንቦት አንድ ቀን ሥራው ቆሞ አገኙት። «ለበሩ ደፍ የሚሆን ረዥም ድንጋይ አጣን» አሉ ዋናው ግንበኛ አለቃ ወንድይራድ። «እስኪገኝ እንጠብቃለን።»

ተክለ ወልድ እንዲህ ያለ ድንጋይ የሚያውቁት አንድ ብቻ ነው፤ በሁለቱ እርሻ መካከል አያቶቻቸው የተከሉት የድንበር ድንጋይ። ሁለት ቀን አስበው ለሽብሩ ነገሩት።

«አያ ተክሌ፣ ድንጋይ ቢሄድ መሬት አይሄድ» አለ ሽብሩ። «በሚካኤል እምላለሁ፤ ስጠየቅ ስፍራውን በጣቴ አሳያለሁ።»

በሚካኤል የማለ ሰው ይክዳል ብሎ መጠርጠር ለተክለ ወልድ ነውር ነበር። የሽብሩ ሁለት ልጆች ድንጋዩን ነቅለው፣ በበሬ ጎትተው አደረሱት።

ጥቅምት ላይ ቤቱ አለቀ፤ ችሎቱም ተሰየመ።

«የድንበሩ ምልክት የት አለ?» አሉ ዳኛው።

«ክቡር ዳኛ፣ ሲገቡ የረገጡት ደፍ ነው።»

ታዳሚው ሳቀ። ሽብሩ ተነሣ። «ደፍ የቤት ወሰን እንጂ የእርሻ ወሰን ሲሆን ሰምቼ አላውቅም። ሽማግሌው ደክመዋል፣ ክቡር ዳኛ።»

«በሚካኤል ምለህልኝ የለም ወይ?»

«ማን ሰማ?»

አለቃ ወንድይራድ ተጠርተው ቀረቡ። «ድንጋዩን ተረክቤአለሁ» አሉ፤ «የተነቀለበትን ጉድጓድ ግን አላየሁም።» እውነታቸውን ነው። ጉድጓዱንም ሽብሩ በሐምሌ አርሶ ጤፍ ዘርቶበታል።

ፍርዱ ከቀትር በፊት ለሽብሩ ተነበበ። ተክለ ወልድ ሊወጡ ደፉ ዘንድ ሲደርሱ እግራቸውን ከፍ አደረጉ፤ ሳይረግጡት ሊሻገሩ ፈልገው ነበር። ጉልበታቸው ግን እምቢ አላቸውና ረገጡት። በር ላይ የቆሙት ግንበኛ ይህን አይተው፣ ዐይናቸውን ከድንጋዩ ሳያነሡ እንዲህ አሉ፦ «ድንበሩን ነቅሎ ችሎት ያደሰ፣ ድንበሩን ረግጦ ባዶውን ተመለሰ።»