ሁለተኛዋ ሸጋ

ፊደሌ ቢጣመም፣ ሆሄም ብስት ይቅር በሉኝና ተረት ልንገራችሁ፤ እናንተም የመሠረት በሉኝ።

ጉግስ ላይ አቻ ያልነበራት ሸጋ የምትባል ባዝራ ሞተች። ጌታዋ ግን ልቡ አልቆረጠለትምና፣ ሐኪሞች ከቆዳዋ ቅንጣት ወስደው ቁርጥ እሷን የምትመስል ውርንጭላ አበጁለት። እሷንም ሸጋ አላት። አድጋ ስትጋልብ ሁሉም የሚያወራው ስለ ሟቿ ነበር።

አንድ ቀን የሟቿ ባልንጀራ፣ ሽማግሌው ፈረስ፣ “ሸጋዬ፣ ያን ወንዝ አብረን የዘለልነው ትዝ ይልሻል?” አላት።

“እንዴት ይረሳል፣ ጋሼ!”

ሽማግሌው ጆሮውን አቆመ። “ጋሼ? ሸጋ እኮ ‘አንተ ቀርፋፋ’ ነበር የምትለኝ።”

ባዝራዋ አንገቷን ደፋች። “ለማንም ተናግሬ አላውቅም” አለች። “ሸጋ ሲባል የምሮጠው፣ ለእኔ የወጣ ስም ስለሌለኝ ነው።”