ሸህ ኑርዬ በጥርስ ሕመም መሃል የሰጡት ፍርድ

አላህ ልባችንን ለመልካም ወሬ ይክፈትልን። ስሟን መጥራት በማያስፈልገን፣ በተራራ ግርጌ በተቆረቆረች አንዲት ጥንታዊ ከተማ ሸህ ኑርዬ የሚባሉ አዛውንት ይኖሩ ነበር። ጠዋት ጠዋት ደረሳ ተማሪዎቻቸውን ኪታብ ያስቀራሉ፤ ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ በመስጂዱ በረንዳ ተቀምጠው የተጣላ ያስታርቃሉ፣ የሐቅ ክርክር ይዳኛሉ። የተወደዱት በዕውቀታቸው ብቻ አልነበረም። ሰው ሲናገር እስከ መጨረሻው ይሰማሉ። ተናጋሪው ቢደጋግም፣ ቢያለቅስ፣ ከነገሩ ወጥቶ የአያቱን ታሪክ ቢያወራ እንኳ አያቋርጡትም።

በስልሳ ሦስት ዓመታቸው፣ አንድ ቀን የአስርን ሰላት ከሰዓት ሰግደው እንዳሰላመቱ፣ ግራ መንጋጋቸው ውስጥ የጋለ ወስፌ የገባ ያህል ተሰማቸው። ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ይዘው ቀሩ። ሕመሙ ጥቂት ቆይቶ ተወ፤ ማታውን ተመለሰ፤ በማግስቱ ደግሞ አምስት ጊዜ መጣ። ሸህ ኑርዬ ለአንድም ሰላት ሚስዋክ መፋቂያቸውን ያልተዉ፣ በዚያ ዕድሜያቸው ቆሎ የሚቆረጥሙ ሰው ነበሩ። ከየት እንደመጣባቸው ግራ ገባቸው።

ባለቤታቸው ረውዳ ቅርንፉድ ቀጥቅጠው ድዳቸው ላይ አደረጉላቸው። ጨው በሞቀ ውሃ አስጉመጠመጧቸው። የፈውስ ቁርኣን፣ ሩቅያ፣ ተቀራላቸው። ምንም የለም። በመጨረሻ ወጌሻው አወል ተጠራና አፋቸውን አስከፍቶ ለብርሃን አዙሮ አየ።

«ሸህዬ፣ ጥርሱ ደህና ነው። ድዱም አላበጠም፣ መግልም አልያዘም። ምኑን ልንቀል?»

«የሚያመኝን ንቀል» አሉት።

አወል በጉጠቱ ነቀለው። ጥርሱ ከነሥሩ ነጭ ነበር፤ አንዲት ነጥብ እንኳ አልነበረችበትም። ሕመሙ በማግስቱ ጥርሱ በሌለበት ባዶ ድድ ላይ መጣ፤ ቀጥሎም ወደ ጎን ተዛመተ። ሸህ ኑርዬ ሁለተኛውንም እንዲነቅል ቢለምኑት ወጌሻው ጉጠቱን በጨርቅ ጠቀለለ። «ጤነኛ ጥርስ እየነቀልኩ ነገ አላህ ፊት ምን እላለሁ?» ብሎ ወጣ።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አልሆነላቸውም። ንፋስ ፊታቸውን ሲነካ ያማቸዋል፤ ሲያኝኩ ያማቸዋል፤ ሲናገሩ ያማቸዋል። አጥሚት እየጠጡ ከሱ። በግቢያቸው ከአጥር አጥር ይመላለሳሉ፤ ኪታብ እያስቀሩ ድንገት ተነስተው ይወጣሉ። የከተማው ሰው ደግሞ ምክንያት ይፈልግ ጀመር። አንዱ የሰው ዓይን ነው አለ፤ ሌላው ጂን ነው አለ። አንድ ሰው በመስጂዱ ደጃፍ «አንደበታቸው የበደለው ነገር ቢኖር ነው» ሲል በጆሯቸው ሰሙት።

ቤታቸው ገብተው ረውዳን ጠየቁ። «ይህች ምላሴ ማንን ነክታለች?»

«ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬዎት ኖሬያለሁ» አሉ ረውዳ። «እኔን እንኳ አልነካችም።»

ሕመሙ በጀመረ በአርባኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሙንተሃ የምትባል የሙት ሚስትና ሲራጅ የሚባለው የሟች ባሏ ወንድም ለክርክር ቀረቡ። የሙንተሃ ጓሮ ከሲራጅ ጓሮ በታች ነው። ውሃ የሚደርሳት በእሱ መሬት በሚያልፍ ቦይ ነበር፤ እሱም ቦዩን በድንጋይ ደፍኖባታል። ሦስት ልጆቿን የምታሳድግበት ሽንኩርትና ቃሪያ እየደረቀ ነው።

ሲራጅ ቃሉ አጭር፣ ንግግር አዋቂ ነበር። «ውሃው የኔ ነው። ለወንድሜ ስል አሳልፌ ነበር፤ ወንድሜ ሞተ» ብሎ ተቀመጠ። ሙንተሃ ግን ነገሩን ከሩቅ ጀመረችው፤ ሙሽራ ሆና ስትመጣ፣ ያን ዓመት የነበረው ድርቅ፣ አማቷ የተናገሩት። መሃል ላይ ሕመሙ መጣ። ሸህ ኑርዬ ጉንጫቸውን ያዙ፣ ተነሱ፣ ተቀመጡ። እሷ አሁንም ትናገራለች።

«ሴትዮ፣ ፍሬ ነገሩን ተናገሪ!» አሏት።

ደነገጠችና ተንተባተበች። ሸህ ኑርዬ ምንጣፉን በእጃቸው መቱት። «በቃ! ውሃው የሲራጅ ነው። ሂዱ።»

ሙንተሃ ሻርፗን ሰብስባ ተነሳች። «አላህ ያሽርዎት ሸህዬ» አለች። «ቃሌን ግን አልጨረስኩም ነበር።»

ያን ዕለት ከማታው የመግሪብ ሰላት በፊት ሕመሙ ፋታ ሰጣቸው። እሳቸው ግን አሁንም በግቢው ይመላለሳሉ። ረውዳ አጥሚቱን ይዘው ወጡ። «ዛሬ ደግሞ በምን በኩል ነው ያመመዎት?»

«ዛሬስ ጥርሴ አይደለም» አሉ፤ አጥሚቱንም ሳይነኩት ቀሩ።

በማግስቱ ደረሶቻቸውን አሰናብተው፣ ፊታቸውን ከንፋሱ በጋቢ ሸፍነው ወደ ሙንተሃ ጓሮ ወረዱ። ከወንዝ በእንስራ ውሃ ተሸክማ እየመጣች ነበር። ስታያቸው እንስራውን አወረደች።

«ትናንት ያቋረጥኩሽን ልሰማ መጣሁ» አሏት። «ከመጀመሪያው ጀምሪ።»

«ታመዋል እኮ ሸህዬ። ሌላ ቀን ይሁን።»

«ሌላ ቀንም ልታመም እችላለሁ። ተናገሪ።»

ጀመረች። ሕመሙ ሦስት ጊዜ መጣባቸው። በመጣ ቁጥር እጃቸውን አንስተው ያስቆሟታል፤ ጓሮው ጥግ ወዳለው የዋንዛ ዛፍ ሄደው ግንባራቸውን አስደግፈው ያቃስታሉ፤ ተመልሰው «እሺ፣ ቦዩን ስትቆፍሩ ያልሽው ጋ ነበርሽ» ይሏታል። ቦዩን የቆፈሩት ሁለቱ ወንድማማቾችና እሷ እንደነበሩ ነገረቻቸው። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ አፈር ታወጣ ነበር። ሥራው ሲያልቅ ወንድማማቾቹ ውሃውን ለሁለቱ ጓሮ ለዘለዓለም ሊካፈሉ በአዛን አድራጊው በሙአዚኑ በአባ ጡሃ ፊት ቃል ተጋብተዋል።

ሸህ ኑርዬ ከዚያው ወደ ሙአዚኑ ሄዱ። አባ ጡሃ ዓይናቸው የጠፋ ሽማግሌ ናቸው፤ ትናንትም በዚያው በረንዳ ላይ ነበሩ።

«አዎን፣ እኔ ፊት ነው የተዋዋሉት» አሉ። «ሦስት ቀን ለላይኛው፣ ሦስት ቀን ለታችኛው፤ ጁምዓ ለመስጂዱ።»

«ታዲያ ትናንት ለምን አልተናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ አባ ጡሃ።

ዓርብ ጁምዓ ተሰግዶ ሰዉ ሳይበተን ሸህ ኑርዬ ተነስተው ቆሙ። «ወገኖቼ፣ ማክሰኞ በሙንተሃ ላይ የፈረድኩት ፍርድ ዙልም፣ ግፍ ነበር። ቃሏን ሳትጨርስ፣ ምስክር ሳልጠይቅ ነው የፈረድኩት። ሽሬዋለሁ።»

ሲራጅ ከሰዉ መሃል ብድግ አለ። «ጥርስዎ ባመመዎት ቁጥር ፍርድ የሚለወጥ ከሆነ፣ ሸህዬ፣ ምንዎን እንመን?»

ሰዉ አጉረመረመ። ሸህ ኑርዬ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙት። «ልክ ነህ» አሉ። «እኔን አትመነኝ። ምስክሩን ስማ።»

አባ ጡሃ ተደግፈው ተነሱና የሚያውቁትን ተናገሩ። ሲራጅ ራሱን ደፍቶ ወጣ። ከአስር ሰላት በኋላ ድንጋዮቹን በእጁ አንስቶ ውሃውን ለቀቀ። ሸህ ኑርዬን ግን ዓመት ሙሉ ሰላም አላላቸውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሸህ ኑርዬ ብቻቸውን አልዳኙም። ሁለት ሽማግሌዎችን አጠገባቸው አስቀመጡ፤ ሕመሙ ሲመጣም ጉዳዩ ባለበት ይቆማል። ሰዉ ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸዋል፤ እሳቸው ግቢውን ይዞራሉ።

ብዙዎች ሐቁ ስለተመለሰ ሕመሙም የሚሄድ መስሏቸው ነበር። አልሄደም። አሥራ አንድ ወር አንገላታቸው፤ ከረመዳን በፊት ባለው በሸዕባን ወር አንድ ጠዋት ሳይመጣ ቀረ፤ ከዚያም አልተመለሰም። ለምን እንደመጣም ለምን እንደሄደም ያወቀ የለም። አንድ ወዳጃቸው ሊያጽናናቸው ብሎ «ያን ማክሰኞ የተናገሩት እርስዎ አልነበሩም፤ ሕመሙ ነው» ቢላቸው፣ እንዲህ አሉት፦

«ሕመሙ ከአላህ ነበር። ቁጣው ግን የእኔ ነው።»

ቃዲ ተቆጥቶ እንዳይፈርድ መከልከሉን ስንቶቻችን ተምረነዋል፤ ሸህ ኑርዬም ያስተምሩት ነበር። እኔ ይህን ወሬ ከመስማቴ በፊት ሶብር፣ ያው ትዕግሥት፣ ማለት አለማቃሰት ይመስለኝ ነበር። እሳቸው አቃስተዋል፣ ተቅበጥብጠዋል፣ ጤነኛ ጥርስ አስነቅለዋል፤ አላህም በዚህ የሚይዛቸው አይመስለኝም። እሳቸውን የከበዳቸው ሕመማቸው ሌላ ሰው ላይ ማረፉ ነው። እኔ ራሴን ሲያመኝ ባለቤቴን እቆጣለሁ፤ ሲተወኝ «አሞኝ ነው» እላትና ነገሩ ያለቀ ይመስለኛል። ባለፈው ሳምንት ግን ሕመሜን ምክንያት ሳላደርግ ይቅርታ ጠየቅኋት። «ያመመህስ ተሻለህ?» አለችኝ።